ኸይራት ያልጠራችው ስም

ቢቸና ውስጥ ቲቸር ኸይራትን የማያውቅ ሰው ካለ ትናንት ከአውቶቡስ የወረደ መሆን አለበት። ባጃጅ ነጂው፣ ሥጋ ሻጩ፣ የማዘጋጃ ቤቱ ዘበኛ፣ ትናንት ቅስና የተቀበለው ጎረምሳ ሳይቀር ሀ ሁ ያሉት እሷ ፊት ቆመው ነው። ሴትዮዋ ቀጭን ናት፤ ድምጿ ግን ከትምህርት ቤቱ ግቢ ወጥቶ አስፋልቱን ይሻገራል። ስትቆጣ ታስፈራለች። ስትደነቅ ደግሞ አፏን ከፍታ ትቀራለች፤ ከሁለቱ የሚበዛባት መደነቁ ነው። ይህን ሁሉ ዘመን ትንንሽ ልጆችን ብቻ አስተምራ፣ ዛሬም አንድ ልጅ የመጀመሪያዋን ቃል ገጣጥሞ ሲያነብ ዓይኗ እንባ ያቀርራል። ባልደረቦቿ «ዘንድሮም ገረመሽ?» እያሉ ይቀልዱባታል። «ዘንድሮማ ባሰብኝ» ትላቸዋለች።

የተወለደችው ሞጣ ነው። አባቷ ሐጂ አብዱራዛቅ ከአባታቸው የወረሱት የጨርቅ ሱቅ ነበራቸው። በገበያ ቀን ከየገጠሩ የሚመጣው ሰው አቡጀዲውን ከመዳሰሱ በፊት የሐጂን ሰላምታ ይጠብቃል፤ እሳቸው ሰውን ሁሉ በስሙ ይጠሩ ነበርና። ስንት ክረምት ጠፍቶ የከረመ ሰው እንኳ በሩ ላይ ሲቆም ስሙን ጠርተው ስለ ልጆቹ ይጠይቁታል፤ የሰውየውም ፊት ወዲያው ይፈታል። ኸይራት ባንኮኒው ሥር ተቀምጣ ይህን ስታይ አደገች። ስድስት ዓመት ገደማ ሲሆናት ታዲያ መዓት ወረደባት፤ ከመስጊዱ ጀርባ አዲስ የገቡ ሰዎች ልጃቸው ኸይራት ትባላለች ተባለ። ስሜን ወሰደችብኝ ብላ መሬት ላይ ተንከባለለች፤ ምሳም አልበላም አለች።

አባቷ አልሳቁባትም። ብድግ አድርገው ባንኮኒው ላይ አስቀመጧትና፣ «ስሙ የሁለታችሁም ይሁን፣ ግድ የለም። እኔ ኸይራት ብዬ ስጠራ ግን እየሮጠች የምትመጣው አንቺ ነሽ። እሷማ ወደ አባቷ ነው የምትሄደው» አሏት። የገባትን ነገር ያኔ ልታስረዳ አትችልም ነበር። ግን ገባት፤ ተነሥታም ምሳዋን በላች።

አስተማሪ ሆና ቢቸና ስትመደብ ይህን ሁሉ ረስታው ነበር። በመጀመሪያው ዓመት የወል ስምና የተጸውዖ ስም የሚለው ትምህርት ላይ ስትደርስ መጽሐፉ እንዳዘዛት አደረገች። የወል ስም የአንድ ዓይነት ነገሮች ሁሉ የጋራ መጠሪያ ነው ብላ ጻፈች፤ ልጆቹም ዳዊት እንደሚደግም ሰው እየተወዛወዙ ሸመደዱት። ምሳሌ ስጡኝ ስትል ጉድ ፈላ። አንዱ ተነሥቶ ቢቸና የወል ስም ናት አለ፤ ለምን ቢባል የሁላችን ስለሆነች። ሌላዋ እናቴ የተጸውዖ ስም ናት አለች፤ የእኔ ብቻ ናታ። ኸይራት ልትስቅ ብላ ተወችው። ልጆቹ አልተሳሳቱም። የተሳሳተውን ነገር ግን የት ጋ እንደሆነ ልትይዘው አልቻለችም።

የተጸውዖ የሚለው ቃል ግእዝ ነው፤ እሷ ደግሞ የቀራችው ቁርኣን ነው። ስለዚህ አንድ ቀን ከሥራ ስትወጣ አጠገቧ የሚኖሩትን መሪጌታ ኃይለ ጊዮርጊስን ጠየቀቻቸው። እሳቸውም መቋሚያቸውን ተደግፈው ጥቂት አሰቡና፣ የወሉ ስለ ነገሩ ለማውራት ነው፣ ይኼኛው ግን ለመጥራት ነው አሏት። ኸይራት ያን ቀን እራቷን በቅጡ አልበላችም። የአባቷ ሱቅ፣ ባንኮኒው፣ በሩ ላይ ቆሞ ስሙን የሚጠብቀው ገበሬ ሁሉ አንድ ላይ መጣባት።

በማግስቱ ልጆቹን ሰብስባ ወደ ከብት ተራ ወሰደቻቸው። ከዚያ ወዲህም ይህን ትምህርት ከብት ተራ ሳትወስዳቸው ጨርሳው አታውቅም። ልጆቹ አጥሩን ተደግፈው ይቆማሉ። ይህ ምንድን ነው ስትላቸው በሬ ይላሉ። ያስ? በሬ። ያኛውስ? እሱም በሬ። ከዚያ አንዱን ገበሬ ታስፈቅድና በሬውን በስሙ እንዲጠራው ትለምነዋለች። ገበሬው ሴትዮዋ ምን ነካት እያለ «ቦራ» ይላል። ከዚያ ሁሉ ከብት መካከል አንዱ ብቻ ጆሮውን አቁሞ፣ ራሱን መልሶ ያያል። በየዓመቱ ልጆቹ እዚህ ላይ ሲደርሱ ጸጥ ይላሉ። ለምን ጸጥ እንደሚሉ አስረድቷቸው የሚያውቅ የለም፤ እሷም ሰውነቷን ውርር ያደርጋታል።

ትምህርት ቤቱ በጦርነቱ ተዘግቶ ከርሞ እንደገና የተከፈተ ጊዜ ከመጡት ልጆች መካከል አንዲት ዘጠኝ ዓመት የሞላት ልጅ ነበረች። መዝገቡ ላይ እፀገነት ፋንታ ትባላለች። ኸይራት ስም ስትጠራ ግን ልጅቱ ዝም። እንደገና ስትጠራት መስኮቱን ታያለች። ጆሮዋ አይሰማ ይሆን ብላ ኸይራት ከኋላ ቀስ ብላ መጥታ ከረሜላ የሚፈልግ ብትል፣ ከሁሉም ቀድማ የዞረችው እሷ ናት። ጆሮ አላጣችም። እረፍት ሰዓት ላይ ሌሎቹ ልጆች ልጅቱ እያሉ ሲጠሯት ግን ብር ብላ ትሄድላቸዋለች።

አንድ ቀን ክፍል ውስጥ ሁሉም እየተነሣ የራሱን የተጸውዖ ስም እንዲናገር ተባለ። ልጅ እንደሚያደርገው እየተሽቀዳደሙ፣ እየጮኹ፣ የአያታቸውን ስም ሳይቀር እየጨመሩ ተናገሩ። ተራው ደርሷት ልጅቱ ተነሣች። አላፈረችም፤ አልፈራችምም። የተማረውን በደንብ እንዳወቀ ልጅ ቀጥ ብላ ቆማ፣ «እኔ የወል ስም ነኝ» አለች።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ኸይራት አልሳቀችም። ለምን እንደዚያ እንዳለች ጠየቀቻት። እናቷ ልጅቱ ብላ እንደምትጠራት፣ ሌላ ጠርታት እንደማታውቅ፣ እፀገነት የሚለውን አባቷ ሲያስመዘግባት በሩ ላይ እንደሰማችው ነገረቻት። ኸይራት የልጅቱን ራስ እየዳበሰች ሂጂና እናትሽን ስሜ ማነው ብለሽ ጠይቂያት አለቻት። ደግ ያደረገች መስሏት ነው። በማግስቱ ልጅቱ ከትምህርት ቤት ቀረች። ሳምንቱም አለቀ፣ አልመጣችም። ኸይራት የልጅ ወንበር ባዶ ሲሆንባት አትችልም፤ ቅዳሜ ጠዋት አጠያይቃ ቤቷ ሄደች።

እናቲቱ ይርጋነሽ ትባላለች፤ በርበሬና ሽሮ ሻጭ ናት። ባሏ ፋንታ ወፍጮ ቤት ይሠራል፤ ያን ጊዜም እዚያው ነበር። ይርጋነሽ እንግዳዋን በአክብሮት ተቀበለቻት፤ ዱካውን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ አስቀመጠቻት። ኸይራት በሩ ላይ የቆመችውን ልጅ አይታ ደኅና ናት ወይ ብትላት፣ ይርጋነሽ የጎረቤት ልጅ ናት አለች። ልጅቱ እናቷ እንዲህ ስትል ቅንድቧን እንኳ አላነሣችም። ይርጋነሽ ደጅ እንድትጫወት ሰደደቻትና በሩን ገርበብ አድርጋ ተመለሰች።

«እትዬ ኸይራት፣ እርስዎ ክፉ ሰው አይደሉም» አለች። «ግን ልጄን ሊያስወስዱብኝ ነው።»

ከዚያም ነገረቻት። ከዚህች በፊት ሦስት ወልዳ ነበር። ሦስቱም ድኸው፣ ቆመው፣ አፍ ፈትተው ነው የሄዱት። «ስም ያወጣሁላቸው ደግሼ ነው። ማታ ማታ ደጅ ቆሜ ስማቸውን እየጠራሁ ነበር የማስገባቸው። መጥራት እወድ ነበር፣ እትዬ። ሞት ስማቸውን ከእኔ አፍ ነው የሰማው። ይቺን ስወልድ ልጅቱ አልኳት። ልጅቱ ብሎ ቢመጣ የቷን ይወስዳል? አገሩ ሁሉ ልጅ ነው።»

ኸይራት አፏ ተከፍቶ ቀረ። የወል ስምን ስንት ዘመን አስተምራለች፤ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ስንት ጊዜ ጽፋዋለች። አንዲት እናት ልጇን የምትሸሽግበት ቦታ ይሆናል ብላ በሕልሟም አስባው አታውቅም። ይህች ሴት ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የወለደቻትን ልጅ በስሟ ሳትጠራ፣ ልጄ ሳትላት፣ በዚያ ሁሉ ልጅ መሐል ደባልቃ አሳድጋታለች። 

አስተማሪ ናትና ግን ዝም ብላ አልወጣችም። ልጆቹ ምን ሆነው እንደሞቱ ጠየቀች፤ ኩፍኝ ነው፣ አንዱ ደግሞ ተቅማጥ ነው ተባለች። ስለ ክትባት፣ ስለ ውሃ፣ ስለ ጤና ጣቢያው ብዙ ተናገረች። ይርጋነሽ አላቋረጠቻትም።

«ክትባቱን አንድም አላስቀረሁባት» አለች ስትጨርስ። «ውሃውንም አፈላለሁ። ስሟንም ደብቄያለሁ። ከሦስቱ የትኛው እንዳቆያት እርስዎ ያውቃሉ? እኔ አላውቅም። ስለዚህ አንዱንም አልተውም።»

  ኸይራት የፈለገችው ልጅቱ ትምህርት ቤት እንድትመለስላት ብቻ ነበር። ስለዚህ ይርጋነሽን ዓይን ዓይኗን እያየች፣ «ወላሂ፣ አንቺ ሳትፈቅጂ ያቺ ስም ከእኔ አፍ አትወጣም» አለቻት። የክርስቲያኗ ሴት የሙስሊሟን መሐላ አመነች። ሰኞ ጠዋት ልጅቱ ፊቷን ታጥባ፣ ጸጉሯን ተሠርታ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ ተገኘች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ኸይራት ስም ስትጠራ እፀገነት ጋ ስትደርስ ዝም ትልና ታያታለች፤ ልጅቱም ራሷን ትነቀንቃለች። ቀላል ነገር ይመስላል። ለኸይራት ግን ከባድ ነበር። ሰውን በስሙ እየጠሩ ካሳደጓት አባት የተወለደች ሴት ናት፤ አንድ ልጅ ሳትጠራ ባለፈች ቁጥር በር ዘግታባት የሄደች ይመስላት ነበር። ልጅቱ ግን ጎበዝ ሆነች። መጻፍ ቻለች። አንድ ቀን እረፍት ላይ ኸይራት ከዛፉ ሥር አየቻት፤ በእንጨት መሬቱ ላይ እፀገነት ብላ ጻፈች፣ ቁጢጥ ብላ ቆይታ አየችውና ሰው ሲመጣ በእግሯ አጠፋችው። ኸይራት ያላየች መስላ አለፈች። ቢሮ ገብታ ግን አለቀሰች።

የከብት ተራው ትምህርት ያን ዓመት ዘግይቶ ነው የመጣው። ልጆቹ እጅ ለእጅ ተያይዘው ገበያውን አቋርጠው ሄዱ፤ ይርጋነሽ በርበሬዋን ዘርግታ ከተቀመጠችበት ሆና ልጇን በዓይኗ ሸኘቻት። በሬውም ተጠራ፣ ራሱንም መለሰ፣ ልጆቹም እንደ ወትሮው ጸጥ አሉ። ኸይራት ሰልፍ አስይዛ ልትመልሳቸው ስትል የአንድ አይሱዙ ጎማ ፈነዳ።

ጎማ ነበር። ግን ካለፉት ዓመታት ተኩስ ወዲህ የዚያ አገር ሰው ጆሮ እንዲህ ያለ ድምፅ ሲሰማ ጎማ ነው ብሎ አያስብም። ገበያው በአንድ ጊዜ ተነቀለ። እህሉ ተደፋ፣ ድንኳኑ ተገነደሰ፣ ሴቱም ወንዱም ወደ መሰለው ሮጠ። ከብቱ አጥሩን ጥሶ ወጣ። ኸይራት የደረሰችበትን ልጅ እየለቀመች ግንብ ሥር አስገባች፤ አቧራው ቀለል ሲል ተራ በተራ ነካቻቸው። ሁሉም አሉ። መስኮቱ አጠገብ የምትቀመጠው ግን የለችም።

ኸይራት ስሟን ልትጠራ አፏን ከፈተች። መሐላዋ መጣባት፤ አፏን ገጠመች። «ልጅቱ» ብላ ጮኸች። ያ አስፋልት የሚሻገረው ድምፅ ምን ያደርግላታል? ገበያው ሙሉ እናት ልጄ፣ ልጄ ትላለች። ልጅቱ ባለች ቁጥር የማታውቃቸው ልጆች በእንባ የታጠበ ፊታቸውን ያዞሩላታል። ከብቱ ገና አልተሰበሰበም። ጭነት የያዙት መኪኖች ሸሽተው ለመውጣት ሞተራቸውን አስነሥተዋል።

ይርጋነሽ እጇ በበርበሬ ቀልቶ፣ ነጠላዋ ወድቆ እየሮጠች መጣች። መጠየቅ አላስፈለጋትም፤ የኸይራትን ፊት አይታ አወቀች። እሷም ልጅቱ፣ ልጅቱ እያለች ዞረች። እዚህም እዚያም ልጆች ዞሩ፤ የእሷ የለችም። ተመልሳ ኸይራት ፊት ቆመች። 

«እኔ አልጠራኋትም» አለች ኸይራት። «ቃሌ ነው። የምትጠራት አንቺ ነሽ።»

ይርጋነሽ ዓይኗን ጨፈነች። ኸይራት ያን ፊት እስከ ዕለተ ሞቷ አትረሳውም፤ ከገደል አፋፍ ላይ ራሱን ለመወርወር የቆመ ሰው ፊት ነበር። ከዚያ አፏን ከፍታ «እፀገነት» ብላ ጠራች። ድምጿ ይህን ያህል ነው ብሎ የጠረጠረ አልነበረም። «እፀገነት። እፀገነት ፋንታ። ልጄ እፀገነት።»

አጠገቧ ያሉት ዝም አሉ። ዝምታው እየሰፋ ሄደ። ጤፍ ከተጫነበት አንድ መኪና ሥር፣ ከኋላ ጎማዎቹ መካከል፣ «አቤት እማዬ» የሚል ቀጭን ድምፅ ወጣ። ሾፌሩ ማርሽ አስገብቶ ነበር። ሰዎች መኪናውን እየደበደቡ አስቆሙት፤ ልጅቱም በደረቷ እየተሳበች ወጣች። ስትጠራ ለምን ዝም እንዳለች ኸይራት በኋላ ብትጠይቃት፣ በዚያ ሁሉ ጩኸት መሐል ልጅቱ ሲባል ብትሰማም ሌላ ልጅ የሚጠሩ መስሏት እንደነበር ነገረቻት።

ይርጋነሽ ልጇን አቅፋ እዚያው አቧራው ላይ ተቀመጠች። መጥራቷን ግን አላቆመችም። ልጇ እቅፏ ውስጥ ሆና፣ ጉንጯ ጉንጯን ነክቶ፣ እፀገነት ትላታለች። ልጅቱም አቤት ትላለች። እንደገና ትጠራታለች፤ እንደገና አቤት ትላለች። ሰው ሊያነሣቸው ተጠጋና ተወ። ኸይራት ልጆቹን ከግንቡ ሥር አውጥታ ዙሪያዋን አቁማ፣ እሷም የምትሄድበት እንደሌላት ሁሉ ቆማ ታይ ነበር።

ጥቂት ቆይታ ይርጋነሽ ቀና አለች። ወደ ገበያው ማዶ እያየች፣ ድሮ ማታ ማታ ከደጇ ላይ ትጠራ በነበረበት ድምፅ ይመስላል፣ «ዘመነ» አለች። ቆም ብላ ጠበቀች። «ሣህለ ማርያም» አለች፤ ጠበቀች። «አገሬ» አለች። መልስ የሚሰጥ አልነበረም፤ እሷም እንደሌለ ታውቃለች፤ ግን ለእያንዳንዱ የሚገባውን ያህል ጠበቀችለት። ልጅቱ ወንድሞችና እህት እንደነበሯት የሰማችው ያን ጊዜ ነው። ቀና ብላ የእናቷን አፍ ታይ ነበር። ከዚያ ይርጋነሽ ወደ እቅፏ ተመለሰችና፣ በተጠራጠረ ድምፅ፣ ቀስ ብላ፣ «እፀገነት» አለቻት።

«አቤት» አለች እፀገነት።